ለትንሽ ኬዝ የትኛው ፋን? ባለ መብራቱ፣ አርክቲክ ወይስ ኖክቱዋ

ጥር ገብቶ ሰርግ ሲበዛ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርጉ ልጆች አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ኮምፒውተሬ ኤክስፖርት ላይ እያለ ድርግም ይላል፣ ምን ፋን ልግዛ?» መልሴ አርክቲክ ፒ12 የሚባለው የኬዝ ፋን ነው። ለምን እንደሆነ በብር እናስላው።

ከዚያ በፊት ግን «እዚህ ብርድ ስለሆነ ኮምፒውተር አይሞቅም» ስለሚባለው ነገር። ብርዱ ይረዳል፣ እውነት ነው። ከተማችን ግን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ትልቅ ኬዝ ውስጥ ይህ ብዙም አይታወቅም። እንደ ኩለር ማስተር ኤንአር200 ባለ 18 ሊትር ያህል ብቻ በሚይዝ ኬዝ ውስጥ ግራፊክስ ካርድና ፕሮሰሰር ሲፋፈጉ ግን ቶሎ ይታያል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት የኬዙን የጎን ክዳን ክፈቱና ያንኑ ቪዲዮ እንደገና ኤክስፖርት አድርጉ። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲግሪውን ያሳያችኋል። ክዳኑ ሲከፈት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል ከወረደ ችግሩ የአየር መግቢያና መውጫው ነው፣ ፋን ይጠቅማችኋል። ካልወረደ ፋን አትግዙ። ያኔ ችግሩ በአብዛኛው ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ወይም በሁለቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ተርማል ፔስት፣ መድረቁ ነው። ይህን ሳያዩ ፋን የሚደረድሩ ሰዎች ያናድዱኛል፤ ገንዘቡ ያሳዝናላ!

አሁን ወደ ዋጋው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። አዲስ አበባ ወርጄ መጨረሻ ስጠይቅ ባለ መብራቱ ሦስት ፋን በአንድ ካርቶን 3,000 ብር ነበር። አርክቲክ ፒ12 አንዱ 2,200 ብር፣ ኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12×25 አንዱ 7,500 ብር።

ላይ ላዩን ሲታይ ባለ መብራቱን የሚያክል ርካሽ የለም። አንዱ ፋን በ1,000 ብር ማለት ነው። ፎቶ ቤት ያለው ጓደኛዬም ይህን አስቦ ገዛ። ፋኖቹ የሚሰኩት ሞሌክስ በሚባለው በድሮው ትልቅ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ነው፣ የእሱ ፓወር ሰፕላይ ላይ ደግሞ የተረፈ ሞሌክስ የለም። ስለዚህ ከሳታ፣ ማለትም ከአዲሱ ጠፍጣፋ መሰኪያ፣ ወደ ሞሌክስ የሚቀይር ሽቦ በ300 ብር ጨመረ። የገጠመለት ልጅ 500 ብር ተቀበለ። 3,800 ብር ደረሰ።

ፋኖቹ ፍጥነታቸው የሚስተካከልበት መንገድ ስለሌለ ሥራ ኖረም አልኖረም በሙሉ አቅማቸው ይጮኻሉ። ከታች ተጋድሞ የገባው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይንቋቋ ጀመር። ርካሽ ፋን ውስጥ ያለው ስሊቭ ቤሪንግ፣ ማለትም ፋኑ የሚዞርበት ተራ ቤሪንግ፣ አግድም ሲተኛና ሲሞቅ ቶሎ ያልቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ያ የ300 ብር ሽቦ ነው። ኬዙን ስከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ፊቴን መታኝ። የሳታው መሰኪያ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ቢጫው ሽቦ ከፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። የዚህ ዓይነት፣ ሽቦውና ፕላስቲኩ አንድ ላይ የቀለጡ የሚመስሉ መቀየሪያዎች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ውስጣቸው ሽቦዎቹ በጣም ተጠጋግተው ይነካካሉ። በነፃ ቢሰጧችሁም አትሰኩት።

ኖክቱዋ ግሩም ፋን ነው፣ አልክድም። ኩባንያው የኦስትሪያ ነው። በክንፉ ጫፍና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ የ6 ዓመት ዋስትናም አለው። ግን ዋስትናውን ከደብረ ብርሃን ሆኖ ማን ያስፈጽመዋል? በአንዱ ዋጋ ሦስት አርክቲክ ገዝታችሁ 900 ብር ይተርፋችኋል። በዚያ ላይ ውድ ስለሆነ ፎርጅዱ አጓጊ ነው። በግማሽ ዋጋ ኖክቱዋ ሲሏችሁ ጥላችሁ ሂዱ።

ሁለት አርክቲክ፣ ራሳችሁ ከገጠማችሁት፣ 4,400 ብር ነው። ከጓደኛዬ ወጪ ጋር ያለው ልዩነት 600 ብር ብቻ ነው። ለዚህች 600 ብር የሚገኘውን እዩት። ፒደብሊውኤም የሚል የተጻፈበት ባለ አራት ፒን ስለሆነ ማዘርቦርዱ ራሱ ፍጥነቱን ይቆጣጠረዋል፣ ሞሌክስ የሚባል ጣጣ የለም። ፒኤስቲ የሚል የተጻፈበትን ከገዛችሁ ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ ሰክታችሁ ሁለቱንም ከአንድ መሰኪያ ታነሣላችሁ። ትንንሽ ማዘርቦርዶች የፋን መሰኪያቸው ጥቂት ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንከኑ በመካከለኛ ፍጥነት አንድ ቦታ ላይ ማጉረምረሙ ነው። ከዚያ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጉት፣ ይተዋል። አምስቱ በአንድ ካርቶን የሚሸጥበት ጊዜም አለና ከጓደኞቻችሁ ጋር አዋጥታችሁ ብትገዙ ይረክሳል።

ስትገጥሙ ሞተሩን ከፍሬሙ ጋር የሚይዙት ዘንጎች ያሉበትን ጎን ተመልከቱ። አየሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ላይኛዎቹ ሁለቱ ወደ ውጭ ይግፉ። ከግራፊክስ ካርዱ ሥር ማስገባት ለምትፈልጉ ግን መጀመሪያ በማስመሪያ ለኩ። ተራው ፋን ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ካልገባ 15 ሚሊ ሜትር የሆነው ፒ12 ስሊም አለ።

ተርማል ፔስት ላይ ፎርጅዱ ከፋንም ይብሳል። የአርክቲክ ፔስት የሆነውን ኤምኤክስ-4 ብሎ የሚሸጥላችሁ ሁሉ ኤምኤክስ-4 አይደለም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ኮድ በአርክቲክ ድረ ገጽ ሳታረጋግጡ አትቀቡ።

አቧራ ለማስነፋት ኮምፒውተር ተሸክማችሁ ጎሚስታ ቤት አትሂዱ። ያ ኮምፕሬሰር ውሃ ይረጫል፣ ፋኑንም ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። ክንፉን በጣት ይዞ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

ያገለገሉ ብራንድ ትንንሽ ዴስክቶፖች ያላችሁ ከዚህ ሁሉ ነፃ ናችሁ። ብዙዎቹ የራሳቸው መሰኪያ ስላላቸው ሌላ ፋን ሲገባባቸው ሲነሡ የስህተት መልእክት ያሳያሉ። አቧራውን ጥረጉ፣ ፔስቱን ቀይሩ፣ በቃ።

ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ምክሬ ትንሽ ይለያል። እዚያ አየሩ እንደኛ አልሳሳም፣ ግን ራሱ ሞቆ ነው የሚገባው። ስለዚህ ከላይኛዎቹ ሁለት ፋኖች ሌላ ከታች አየር የሚያስገባ ሦስተኛ ጨምሩ። 2,200 ብሩ ከከበዳችሁ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚገባበት ማስተካከያ) ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን ኃይል 65 ዋት ላይ ገድቡት፤ ብዙ ራይዘን ቦርዶች ላይ ኢኮ ሞድ ይሉታል። ኤክስፖርቱ ትንሽ ይዘገያል፣ ማሽኑ ግን በቀትር ፀሐይም አይጠፋም።