ጮቄ ወይስ የዓባይ በረሃ? ለረጅም ሩጫ የሚሻለው

ለትንፋሽ ከሆነ የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ይሻላል፤ በረሃው ለቁልቁለት ልምምድ በወር አንዴ ይበቃል።

ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል ይወጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ የለመዱት ፍጥነት አይሠራም። ማውራት እስከሚያስችል ትንፋሽ ድረስ ይሮጣል፤ ሲከብድ በእርምጃ ይኬዳል። ከቆላ የመጣ ሁለት ሌሊት ማርቆስ ይደር። ቁርጭምጭሚት ወለም የሚለው ዳገቱ ላይ ሳይሆን ጓሳው መሃል ነው፤ ሣሩ የአይጥ ጉድጓድ ይሸፍናል። ስለዚህ ከእግር መንገዱ አይውጡ። በረዶ ስለማይታመን ውሃ የማያስገባ ስስ ጃኬት ወገብ ላይ ይታሰር። የእረኛ ውሻ ሲመጣ መሮጥ ያባብሰዋል፤ ቆም ብሎ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

የዓባይ በረሃው መንገድ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው። እዚህ ሳንባ ያርፋል፣ ጭን ይቀጣል። እርምጃ ያሳጥሩ። ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ፤ ጫማው ከላይ በኩል ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። አለዚያ ጣት ጫፉን እየመታ ጥፍሩ ይጠቁራል። ወደታች በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ስለሚጨምር ከንጋቱ 12 ሰዓት መነሳት፣ 2 ሊትር ውሃና ቁንጥር ጨው ያለበት በሶ መያዝ ግድ ነው። ከባድ መኪና ስለሚበዛ ፊት ለፊት እያዩ በግራ ጠርዝ ይሩጡ። መመለሻው በመኪና ይሁን።