የ1906ቱ የአክሱም ፎቶና ፕላን በኢንተርኔት፦ ለሥራ ይሆናል?

በ1906 አክሱምን ያጠናው የጀርመን ቡድን የጉዞ መዝገብ በ1913 በርሊን ላይ በአራት ቅጽ ታትሟል (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በነፃ አስቀምጦታል፤ አራቱንም ማውረድ ግን አያስፈልግም። ለሐውልቶችና ለቤተ መንግሥት ፍርስራሾች ቅጽ 2፣ ለኋላ ዘመን አብያተ ክርስቲያናትና ለመኖሪያ ቤቶች ቅጽ 3፣ ለድንጋይ ላይ ጽሑፎች ቅጽ 4 ይበቃል። ደብረ ዳሞን ቅጽ 3 ላይ ፈልጎ የሚያጣ አይጠፋም፤ ከጥንታውያኑ ተቆጥሮ ያለው ቅጽ 2 ውስጥ ነው፤ ይሓም እዚያው።

ጥንካሬው ፎቶውና ልኬቱ አብረው መሠራታቸው ነው። ኤኖ ሊትማን በመራው ቡድን ውስጥ አርክቴክቱ ዳንኤል ክሬንከር፣ እንዲሁም ኋላ ሕንፃን በፎቶ የሚለካውን የፕሩሲያ ተቋም የመራው ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ነበሩበት። የአክሱም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ የሆነውን ታእካ ማርያምን ይውሰዱ፦ ጣሊያኖች በፍርስራሹ ላይ መንገድ ስላወጡበት፣ የግቢውን ቅርጽ ለማወቅ የግድ ወደዚህ ፕላን መመለስ ነው። በፎቶው ላይ ተሰባብሮ የተኛው 2ኛው ሐውልትም በ1937 ሮም ተወስዶ፣ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 የቆመው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንዳ ሚካኤል በሚባለው ሌላው የአክሱም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ላይ ነው። ባለ ማማው ግርማዊ ሥዕል በየቦታው እንደ ማስረጃ ይለጠፋል፤ ተቆፍሮ የተለካው ግን መሠረቱ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ክሬንከር ገምቶ የሣለው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፕላኑን፣ ቀጥሎ ፎቶውን፣ የግምት ሥዕሉን መጨረሻ ይክፈቱ።

ሲያትሙም ጥንቃቄ ይሻል። ፕሪንተሩ ገጹን ከወረቀቱ ጋር ሲያመጣጥን ምጥጥኑ ስለሚፋለስ፣ 1፡100 ተብሎ በተጻፈው አይመኑ፤ ከፕላኑ ጋር በተሣለው የሜትር መስመር ይለኩ። ከፎቶው በቀጥታ መለካት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ ከካሜራው የራቀው ድንጋይ አንሶ ይታያል። ፎቶዎቹ ከታተመ ገጽ የተቀዱ ስለሆኑ ከመጠን በላይ ሲያጎሏቸው የኅትመቱ ነጠብጣብ እንጂ አዲስ ዝርዝር አይወጣም። ለግድግዳ ፖስተር አይሆኑም፤ የድንጋይ አደራረብ ለማየት ግን ይበቃሉ።

ጽሑፉ ጀርመንኛ ነው፤ የቦታ ስሞቹም በጀርመን አጻጻፍ ስለሆኑ በቃል ፍለጋ ከመድከም ማውጫውን መከተል ይሻላል። ጀርመንኛ ለማያነብ በ1997 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተመው፣ ከመዝገቡ የተመረጡ ክፍሎች የእንግሊዝኛ ትርጉም አለ፤ ሙሉ ትርጉም ስላልሆነ ግን ለልኬት ሥራ ወደ ዋናው መመለስ ግድ ነው።