ዘጠኝ ወር ከኤሌክትሪክ ዊልቸሬ ጋር

ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ከጅማ ቡና ጭኜ አዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጊቤን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ስንት ጊዜ እንደወረድኩት አልቆጠርኩም።

ጉልበቴ ሲከዳኝ ልጆቼ የሚገፋ ዊልቸር ገዙልኝ። ሁለት ዓመት ተገፋሁ። የሚገፉት ሰው ዕቃ ነው። ገፊው መንገድ ላይ ወዳጅ ካገኘ ወሬ ይጀምራል፤ አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትጠብቃለህ።

ባለፈው ጥቅምት ሴት ልጄ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ላከችልኝ። ዋጋውን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ባለቤቴ እንዳየችው “አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ መጫወቻ?” አለችኝ። አብሬህ መንገድ አልወጣም ብላም ነበር። እንግዲህ እንደ መኪና ነው የማወራላችሁ፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም።

ወረቀቱ በአንድ ሙሌት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። ያ ሜዳ ላይ፣ ቀጭን ሰው ጭኖ መሆን አለበት። እኔ 84 ኪሎ ነኝ፣ የሰፈራችንም መንገድ ዳገት አለው። ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ አግኝቼበት አላውቅም። የባትሪው መብራትም አታላይ ነው። ሦስት ነጥብ አለኝ ብለህ ዳገት ስትጀምር አንድ ይሆናል፤ ሜዳ ስትገባ ተመልሶ ሁለት ይላል። እኔ ሦስት ሲሆን ወደ ቤት እዞራለሁ።

በስድስት ሰዓት ይሞላል፣ መብራት ካልጠፋ። በሦስተኛው ወር መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀሩ ሞተ። ሻጩ ጋ ሲደወል “መለዋወጫ የለንም” አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። መርካቶ ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ ከፈተው፤ የተቃጠለው ፊውዝ ብቻ ነበር። አሁን በስታቢላይዘር ነው የምሰካው።

ፍሬኑን ወድጄዋለሁ። መሪው አውራ ጣት የምታክል ዘንግ ናት፣ ልጆቹ ጆይስቲክ ይሏታል። ስትለቋት ቁልቁለት ላይም ቢሆን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ነገር ግን ከኋላ፣ በሁለቱ ሞተሮች አጠገብ፣ ሁለት ቀያይ ማንሻዎች አሉ። እነሱ ከተነሱ ሞተሩ ይላቀቅና ወንበሩ በእጅ ይገፋል። በእኛ በሾፌሮች ቋንቋ ፎሌ ገባ ማለት ነው። ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል።

ታኅሣሥ ላይ የልጅ ልጄ ከቤት ገፍቶ አወጣልኝና ማንሻዎቹን ሳይመልስ ተወው። ተቀመጥኩ። ቁልፉን ገና ሳልነካ ወንበሩ በደጃችን ቁልቁለት ሄደ። ቀኝ እጄ ሳላዘው ማርሽ ፍለጋ ወረደ፤ ያገኘው የገዛ ጭኔን ነው። ያስቆመኝ የጎረቤት የባሕር ዛፍ አጥር ነው። እኔ ምንም አልሆንኩም፣ አጥሩን አሳድሰናል። ከዚያ ወዲህ ሳልቀመጥ ማንሻዎቹን በእጄ እነካለሁ፤ ድሮ ከመነሳቴ በፊት ጎማ በዱላ እንደምመታው።

አስፋልት ላይ እንከን የለውም። ኮብልስቶን ላይ የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ በድንጋዩ መሃል ይሰነቀራሉ፤ አግድም እያደረግኩ ነው የማልፈው። ጭቃ ላይ አይሞከርም። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ከሰኔ ወዲህ መሪዋን ፌስታል አልብሻት ነው የምወጣው፣ ውሃ ከገባባት አለቀላት።

26 ኪሎ ነው፣ ይታጠፋል። ባጃጅ ኋላ ወንበር ላይ ይገባል፤ እኔና እሱ አብረን ግን አንገባም። በጥር የልጅ ልጆቼን ይዘን በአማቼ መኪና ጅሬን ወጣን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ግቢውን እየዞርኩ አስጎበኘኋቸው። ፎቁ ግን በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ለደረጃ ይህ ወንበር መልስ የለውም። ትንሿ ከላይ ሆና “አባባ፣ ከተማው ይታያል!” እያለች ያየችውን ሁሉ ስትነግረኝ ቆየች።

ከፋሲካ በኋላ ለሠርግ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄድን። ለመግዛት ያሰበ ይህን ልብ ይበል። የኔ ባትሪ 24 ቮልት፣ 12 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 288 ዋት ሰዓት። የበረራ ደንቡ ለሚታጠፍ ዊልቸር፣ ተነቃይ ሊቲየም ባትሪው አንድ ከሆነ፣ እስከ 300 ነው የሚፈቅደው። ባትሪው ይነቀላል፣ ጫፉ ይሸፈናል፣ ካንተው ጋር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ከሻንጣ ጋር አይጫንም። ለአየር መንገዱ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ልጄ ይህን ሁሉ አጣርታ ነው የገዛችው፤ በዚህ ነገር እሷ ከኔ ትበልጣለች።

ሠርጉ ላይ ሙሽራዋ ዘንድ ራሴ ሄጄ ሳምኳት፣ ማንም ሳይገፋኝ። ጭፈራውም ውስጥ ገባሁ። ወንበሩ ባለበት ይሽከረከራል፤ ትከሻዬን እየነቀነቅኩ ሁለት ጊዜ አዞርኩት። ልጆቹ ከዚያ በኋላ አልለቀቁኝም።

የመቀመጫው ስፖንጅ አሁን ተጨፍልቋል፣ ትራስ ደርቤበታለሁ። የግራው እጅ መደገፊያ ይንቋቋል። ጎማው ድፍን ስለሆነ አይተነፍስም፣ በዚያው ልክ ግን ወገብ ይነቀንቃል።

ትናንት ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ ወንበሩ የለም። ግቢውን አስፈለግኩ። ለካ ባለቤቴ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ጎረቤት ቡና ይዛው ሄዳለች። አመሻሽ ላይ መለሰችው፤ ባትሪው አንድ ነጥብ ቀርቶታል።