የብየዳ ማሽን ጋሪ፦ የተገዛው ወይስ ጎንደር ውስጥ የተሠራው?

በግቢያቸው ውስጥ አነስተኛ የብየዳ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ለማሽኑ ብዙ ብር ያወጣሉ፤ ማሽኑና ቦንቦላው የሚጓዙበትን ጋሪ ግን የሚያስቡት በመጨረሻ ነው። እዚህ የምገመግማቸው ጋሪዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከውጭ የገባ፣ በካርቶን ተበትኖ የሚመጣና በቡሎን የሚገጣጠም ባለ ሦስት መደርደሪያ ጋሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአዘዞ መንገድ የሚገኝ አንድ የብየዳ ቤት በሰጠሁት ልክ የሠራልኝ ነው። ሁለቱንም የሞከርኋቸው በአንድ ሚግ ማሽን (ሽቦ እየመገበ በጋዝ ከለላ የሚበይድ ማሽን) እና በአንድ ባለ 40 ሊትር የጋዝ ቦንቦላ ነው፤ በቦንቦላ ለሚሠራ የጎንደር ሰው የምመክረውም ሁለተኛውን ነው።

ምክንያቱ ከመደርደሪያው ይልቅ ከጎማውና ከቦንቦላው መቀመጫ ጋር የተያያዘ ነው። ባለ 40 ሊትር የብረት ቦንቦላ ባዶውን እንኳ ከ45 እስከ 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ቁመቱም ከ1.3 ሜትር ያላነሰ በመሆኑ የጋሪውን ክብደት ወደ ላይ ይስበዋል። ጋዙ በውስጡ በ150 ባር ግፊት ታምቆ ስለሚቀመጥ፣ ቦንቦላው ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር የሚደርሰው አደጋ ከማሽን መሰበር ጋር አይወዳደርም። የጎማዎቹ የጎን ለጎን ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር፣ የአጠቃላይ ክብደቱ ማዕከል ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ ጋሪው ወደ ጎን 14 ዲግሪ ሲያዘነብል ይገለበጣል፤ ርቀቱን ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ማስፋት ብቻ ይህንን ወሰን ወደ 23 ዲግሪ ገደማ ያሳድገዋል። መሬቱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በሆነበት፣ ግቢውም አብዛኛውን ጊዜ በድንጋይ በተነጠፈበት በጎንደር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከውጭ የገባው ጋሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የፊት ጎማዎቹ ትናንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች በመሆናቸው በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለ ክፍተት ሁሉ ያቆማቸዋል፤ ትኩስ የብየዳ ፍንጣሪ ሲያርፍባቸውም ይቀልጣሉ። የቦንቦላው ማሰሪያ አንዲት ቀጭን ሰንሰለት ብቻ ናት። ለስላሳ ሲሚንቶ ወለል ባለው ጋራዥ ውስጥ ግን በቂ ሊሆን እንደሚችል አልክድም። አንድ የሚመሰገንበት ነገርም አለው፦ የላይኛው መደርደሪያ ወደ ፊት ዘንበል ያለ በመሆኑ የማሽኑን ቁጥሮች ጎንበስ ሳይሉ ማንበብ ይቻላል። ይህንኑ ለብየዳ ቤቱ አሳይቼ በአዲሱ ጋሪ ላይ አስደግሜዋለሁ።

የተሠራው ጋሪ አካል 40 በ40 የሆነ ባለ 2 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ነው። የዚህ ዓይነቱ ባለ 6 ሜትር ብረት 14 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ከዚያ በላይ ወፍራም ብረት መምረጥ ጋሪውን ከማክበድ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። ከኋላ ኩሽኔታ ያላቸው ትልልቅ የጎማ እግሮች በአንድ ዘንግ ላይ ተገጥመዋል፤ ከፊት ያሉት የሚዞሩና ፍሬን ያላቸው ናቸው። ሠራተኞቹ የፊት ጎማዎቹን በቀጥታ ሊበይዷቸው ፈልገው ነበር፤ የብየዳው ሙቀት ግሪሱንና ጎማውን ስለሚያበላሽ፣ ያለቀውን ጎማ ለመቀየርም ስለሚያስቸግር በቡሎን እንዲታሰሩ ጠይቄ ተስማሙ። የቦንቦላው መቀመጫ ከመሬት ብዙም ከፍ ስላላለ ቦንቦላውን አንከባልሎ ማውጣት ለአንድ ሰው አይከብድም፤ ሰንሰለቶቹም ሁለት ሲሆኑ የላይኛው ከቦንቦላው ቁመት ሁለት ሦስተኛው ላይ ያርፋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላው ጉዳይ አየር ነው። የብየዳ ማሽኖች ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚመለከተው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ያለውን አሠራር ሲሆን፣ ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የማሽኑ ማራገቢያ የማብረድ አቅሙ ይቀንሳል። በማሽኑ ላይ 60 በመቶ ተብሎ የተጻፈው፣ ማለትም በተጠቀሰው አምፔር ከ10 ደቂቃ 6ቱን መበየድ ይቻላል የሚለው፣ እዚህ ላይ እንደ ልብ የሚታመን አይደለም። ስለዚህ የማሽኑ መደርደሪያ ጀርባው ክፍት እንዲሆን አድርጌአለሁ፤ ከውጭ የመጣው ጋሪ ግን ጀርባው በላሜራ የተዘጋ ነው።

ብየዳ ቤቱም ከነቀፋ አያመልጥም። የመደርደሪያዎቹ ጠርዝ በግራይንደር ሳይስተካከል እጅ እንደሚቆርጥ ሆኖ ነበር የደረሰኝ፤ ቀለሙም ከሥሩ ፀረ ዝገት ሳይቀባ የተደረበ በመሆኑ ክረምት ሲገባ መላጥ ጀምሯል። የኬብል መስቀያዎቹን ደግሞ በቦንቦላው በኩል አድርገዋቸው ስለነበር ወደ ሌላው ጎን እንዲያዛውሩ አስገድጃለሁ፤ ቶርችም (የሚጉ መበየጃ እጀታ) ሆነ ኤሌክትሮድ መያዣ ቦንቦላ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ድንገት ብልጭታ ቢፈጥር የቦንቦላውን ግድግዳ ይጎዳዋልና። ዋጋው ከተገዛው ጋሪ ጥቂት ይበልጣል።

በትከሻ የሚያዝ ትንሽ ኢንቨርተር (ቀላል የኤሌክትሪክ ብየዳ ማሽን) ብቻ ያለውና በኤሌክትሮድ የሚበይድ ሰው ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት አያስፈልገውም፤ የተገዛው ጋሪ ይበቃዋል። በኦክስጅንና በአሲታይሊን የሚሠራ ግን ለሁለቱ ቦንቦላዎች የተለየና አሲታይሊኑን ምንጊዜም ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ጋሪ ማሠራት አለበት። የሚያሠራ ሰው የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈሉ በፊት ማሽኑንና ባዶ ቦንቦላ ጭኖ፣ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ አቁሞ፣ ጋሪውን በብየዳ ቤቱ ደጃፍ ባለው ዳገት ላይ ወደ ጎን አዙሮ ይግፋው።