ሌክ አና ወይስ ዲፕ ክሪክ?

ዲሲ አካባቢ ሆናችሁ ሐይቅ ዳር ድንኳን መጣል ላማራችሁ፦

መንገድ፦ የቨርጂኒያው ሌክ አና ቅርብ ነው፤ ደርሶ መልስም ይቻላል። አርብ ማታ ግን አውራ ጎዳና 95 ላይ ትራፊኩ ጉድ ያፈላል! ምዕራብ ሜሪላንድ ያለው ዲፕ ክሪክ 3 ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ካላደሩበት ድካም ነው።

ውሃ፦ ሁለቱም ሰው ሠራሽ ናቸው። ሌክ አና የተገደበው ለኑክሌር ማመንጫ ማቀዝቀዣ፣ ዲፕ ክሪክ በ1920ዎቹ ለኤሌክትሪክ ነው። ሁለቱም ጋ ልጆች የሚንቦጫረቁበት ዳርቻ አለ።

አዳር፦ በጁላይ ሌክ አና ወበቁ አያስተኛም። ዲፕ ክሪክ ተራራማ ስለሆነ ሌሊት ጋቢ ያስፈልጋል። ድብም አለ፤ የተረፈውን ጥብስ ድንኳን ውስጥ እንዳታሳድሩ፣ መኪና ውስጥ ቆልፉበት።

ሕፃናት ለያዘ ሌክ አና። እግሩ ለሚበላው፣ ሁለት ሌሊት ለሚያድር ዲፕ ክሪክ።