ስዕል ለሚሰበስብ ሰው ቤት፦ ፊሸርና ቪቴ ወይስ ሐዲድ?

ስዕል የሚሰበስብ ሰው ቤቱን ሲያሠራ ከቀለም ቅቡ በፊት ሁለት ነገር መወሰን ይኖርበታል፤ ስዕሎቹ በምን እንደሚሰቀሉና መብራቱ ከየት እንደሚመጣላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደው ግድግዳውን በትራፓኖ በስቶ ፊሸርና ቪቴ ማስገባት፣ መብራቱንም ጂፕሰም ኮርኒሱ ውስጥ መቅበር ነው። ሌላው አማራጭ ከኮርኒሱ ሥር በግድግዳው ርዝመት የሚታሰርና ስዕሎቹ በገመድ የሚንጠለጠሉበት የስዕል መስቀያ ሐዲድ ሲሆን፣ ስፖት ላይቶቹም በሌላ ሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ግድግዳው ላይ ነው። ብዙው የመኖሪያ ቤት ግድግዳ ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠራ በመሆኑ፣ ትራፓኖው ባዶው ላይ ከደረሰ ፊሸሩ የሚይዘው ያጣና ከቪቴው ጋር አብሮ ይሽከረከራል። እኔ ራሴ አንድ መካከለኛ ስዕል ለመስቀል አራት ቦታ በስቼ ሦስቱን በስቱኮ ደፍኛለሁ፤ የተቀባው ቀለም ከቀድሞው ጋር አልመሳሰል ስላለኝም ጠባሳውን የሚሸፍን ተለቅ ያለ ስዕል ገዛሁ። ሰብሳቢ ሰበብ አያጣም። ሐዲዱ ግን አንዴ ከታሰረ፣ በተለይም የኮንክሪት ቢም ላይ ካረፈ፣ ስዕል በተለወጠ ቁጥር ግድግዳ መብሳት ይቀራል።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ የሚችለው ክብደት ውስን ነው፤ ቀላሉ ዓይነት በሜትር 20 ኪሎ ገደማ ነው የሚሸከመው። 1 ሜትር በ1.20 የሆነ ስዕል 3 ሚሊ ሜትር መስታወት ቢገባለት መስታወቱ ብቻ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚያው ውፍረት አክሪሊክ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ቢሆን ከ4 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ከዚህም ሌላ ገመዶቹ ከስዕሉ በላይ ይታያሉ፣ ስዕሉም ከላይ በኩል ወደ ፊት ዘንበል ይላል። ስለዚህ ከባድና ከቦታው የማይነሣ አንድ ትልቅ ሥራ ላለው ሰው ግድግዳው ላይ በቀጥታ ማሰሩ ይሻላል እላለሁ።

በመብራቱ በኩል የተቀበረው ስፖት ለዓይን ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ስዕሉ ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ሲል መብራቱ የሚያበራው ባዶ ግድግዳ ይሆናል። ተንሸራታቹ ስዕሉን ይከተላል፤ ብርሃኑን ለየብቻ መቀነስ የሚቻልበት ዓይነትም አለው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ሲፈቀድ ለብራና፣ ለወረቀትና ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ይሠራባቸው እንደነበሩት ላሉ የቆዳ ሥራዎች የሚመከረው 50 ብቻ ነው። የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ አምፖሉ ኤልኢዲ፣ ሲአርአዩም (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው) ከ90 በላይ ይሁን። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ የጠዋት ወይም የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ግን በሁለቱም መንገድ ለስዕል አይሆንም።

ስብስቡ ገና እያደገ ላለ ሰው ምርጫዬ ሐዲዱ ነው። ጂፕሰም ሠራተኛው ሥራውን ሳይጀምር ልኬቱ ይነገረው፤ ኮርኒሱ 2.80 ሜትር፣ የስዕሉ መካከል 1.50 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ብርሃኑ ከቀጥታ ቁልቁል በ30 ዲግሪ አዘንብሎ እንዲያርፍ የመብራቱ ሐዲድ ከግድግዳው 75 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት።