እራት በቶኪዮ፦ የሚሽላን መመሪያ ወይስ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ?

ዋጋ፦ መመሪያው፣ ማለትም ምርጥ ምግብ ቤቶችን በኮከብ የሚመዝነው የሚሽላን ዝርዝር፣ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል፤ ምግብ ቤት የሚጠቁመውና ቦታ የሚያስይዘው የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይም ጉርሻ አይጠብቅም፣ ጃፓን ውስጥ አልተለመደም።

አመኔታ፦ የሚሽላን ገምጋሚዎች ማንነታቸውን ሳይገልጹ በልተው፣ ሂሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ። ሆቴሉ የራሱን ምግብ ቤት ቢያስቀድም ግን አይፍረዱበት።

ቦታ ማስያዝ፦ እዚህ ላይ ኮከብ ብቻውን አያበላም። ጥቂት ወንበር ያለው ሱሺ ቤት የማያውቀውን የውጭ አገር ደዋይ ላይቀበል ይችላል፤ ሆቴሉ ሲደውል ይሰማል። ለጾመኛማ ይህ ስልክ ወርቅ ነው! የአትክልት ሾርባው ሳይቀር ብዙ ጊዜ "ዳሺ" በተባለ የደረቀ ዓሣ መረቅ ይሠራል፤ ሥጋም ዓሣም የሌለበትን የቡድሃ መነኮሳት ማዕድ፣ "ሾጂን ሪዮሪ"ን፣ ያፈላልጉልዎታል።

ቀደም ብሎ ለሚያቅድ መመሪያው ይሻላል፤ ድንገት ለደረሰ ወይም ቋንቋ ለሚያግደው እንግዳ ተቀባዩ። ኪሱ የሳሳ በየትኛውም መንገድ ምሳ ያስይዝ፤ ብዙዎቹ ቤቶች ምሳን ከእራት በረከሰ ዋጋ ያቀርባሉ።